«የለም» እና «አላወቅሁም»፦ ከፋየርስቶር መረጃን በጥንቃቄ ማንበብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዷን ለጀመዓችን የኢፍጣር ምዝገባ አንዲት ትንሽ አፕ ሠርቼ ነበር። አሠራሯ ቀላል ነው። ተማሪው ቀድሞ ይመዘገባል፤ ኢፍጣር ሲደርስ በር ላይ የሚያስተናግደው ወንድም የመታወቂያ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያስገባል፤ አፑም «ተመዝግቧል» ወይም «አልተመዘገበም» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ኔትወርኩ ወጣ ገባ ሲል አንዲት የአንደኛ ዓመት እህት መጣች። ስልኩ «አልተመዘገበም» አለ። ወንድማችንም «እህቴ፣ ስምሽ የለም» አላት። አልተከራከረችም፤ ዝም ብላ ተመለሰች። ከመግሪብ በኋላ ኔትወርኩ ሲስተካከል ዝርዝሩን ከፍቼ ሳይ፣ ስሟ ቀድመው ከተመዘገቡት መካከል ነበር።

ኔትወርክ መቆራረጡ የተለመደ ነው። ጥፋቱ የእኔ ኮድ ነበር። ዳታቤዙ «አሁን ላገኘው አልቻልኩም» ሲል፣ እኔ የጻፍኩት ኮድ «የለም» ብሎ ተረጎመው። እህታችንን በማግስቱ ፈልገን አፉ በይን ብለናታል፤ አልሐምዱሊላህ፣ አፉ ብላናለች። ነገር ግን ጾመኛን ከበር የመለሰ አንድ መስመር ኮድ ቀላል ስህተት አይደለም።

ዛሬ ብዙዎቻችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት፣ ለጀመዓ ሥራ ወይም ለቤተሰብ ሱቅ አፕ እንሠራለን። ብዙ ጊዜም መረጃውን የምናስቀምጠው ፋየርስቶር ላይ ነው። መረጃ ማስገባትን ሁላችንም በጥንቃቄ እንማራለን። ማንበብን ግን እንደ ቀላል ነገር እናልፈዋለን። ይህ ጽሑፍ ስለ ማንበብ ነው። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

፩. ፋየርስቶር በአጭሩ

ፋየርስቶር የጉግል ፋየርቤዝ አገልግሎት አካል የሆነ፣ በክላውድ ላይ የሚቀመጥ ዳታቤዝ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ለሙከራ ወጣ፤ በ2019 መደበኛ አገልግሎት ሆነ። እንደ ኤስኪውኤል በሰንጠረዥ አይሠራም። የሬጅስትራር ቢሮን አስቡ። መደርደሪያው «ኮሌክሽን» ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው የእያንዳንዱ ተማሪ ፋይል «ዶክመንት» ነው። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ስልክ ደግሞ «ፊልድ» ይባላሉ። አንድ ዶክመንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። በዶክመንት ሥር ሌላ መደርደሪያ መክፈትም ይቻላል፤ እሱ «ሰብኮሌክሽን» ይባላል።

ከሰንጠረዥ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፋየርስቶር ሁሉም ፋይሎች አንድ ዓይነት ፎርም እንዲሞሉ በራሱ አያስገድድም። አንዱ ዶክመንት ስልክ ሊኖረው፣ ሌላው ላይኖረው ይችላል። በአንዱ ላይ ዓመተ ምህረቱ በቁጥር፣ በሌላው ላይ በጽሑፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የማጣራት ኃላፊነቱ በአብዛኛው የሚያነበው ሰው ላይ ይወድቃል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የመጣልንን ወሬ ሳናጣራ በሰዎች ላይ ጉዳት እንዳናደርስ ታዘናል። ከዳታቤዝ የመጣ መልስም ሰው ላይ የምንወስንበት ወሬ ነው።

፪. ሦስት መልሶች አሉ እንጂ ሁለት አይደሉም

አንድን ዶክመንት ስንጠይቅ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ነው። ሦስተኛም አለ፦ «አላወቅሁም»። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ፈቃድ ስንከለከል ወይም የዕለቱ ኮታ ሲያልቅ የሚመጣው መልስ ይህ ነው።

በፋየርስቶር አንድን ዶክመንት በጌት ትዕዛዝ ስትጠይቁ የሚመለሰው «ስናፕሾት» የሚባል ነገር ነው። ዶክመንቱ ባይኖርም ስናፕሾቱ ይመጣል። ፖስታው ይደርሳችኋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ «ስናፕሾት መጣ» ማለት «ዶክመንቱ አለ» ማለት አይደለም። መኖሩን የሚነግራችሁ «ኤግዚስትስ» ነው። ሳታረጋግጡ በቀጥታ ወደ «ዳታ» ከሄዳችሁ በጃቫስክሪፕት አንዲፋይንድ፣ በዳርት ደግሞ ነል ይመጣላችኋል። ከዚያ ላይ ስም ለማውጣት ስትሞክሩ አፑ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። በአዲሱ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ በድረ ገጽ ላይ ስትሠሩ «ኤግዚስትስ» ፈንክሽን ነው፤ ከኋላው ክፍትና ዝግ ቅንፍ ይፈልጋል። ቅንፉን ከረሳችሁ የምትፈትሹት ፈንክሽኑ ራሱ መኖሩን ይሆናል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜም አለ። ስለዚህ የሌለ ዶክመንት ሁሉ «አለ» ይባላል፤ ምንም ስህተት አይታይም። በፍላተርና ሰርቨር ላይ በሚሠራው የኖድ አድሚን ላይብረሪ ግን ያለ ቅንፍ ነው የሚጻፈው። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ ስትገለብጡ ይህን አስታውሱ።

የእኔ ስህተት ከዚህም ይቀላል። ጥያቄውን በ«ትራይ» ውስጥ አድርጌ፣ በ«ካች» ውስጥ «ፎልስ መልስ» ብዬ ጽፌ ነበር። አፑ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። ፎልስ ማለት ግን በአፑ ቋንቋ «አልተመዘገበም» ነው። ትክክለኛው አካሄድ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

1. ዶክመንቱን ጠይቅ።
2. ስህተት ከመጣ «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል መልስ ስጥ። የስህተቱንም ዓይነት መዝግብ።
3. ስናፕሾቱ ከመጣና ኤግዚስትስ እውነት ካልሆነ «አልተመዘገበም» በል።
4. እውነት ከሆነ ዳታውን አውጣ፣ ፊልዶቹን አጣራ፣ ከዚያ «ተመዝግቧል» በል።

በስክሪኑ ላይም ሦስቱ መልሶች በቀለምም በቃልም ይለያዩ። በር ላይ ለቆመው ወንድም ደግሞ ለሦስተኛው መልስ መመሪያ ስጡት፦ «ማረጋገጥ አልተቻለም ካለህ አስገባ፣ ስሙን በወረቀት ያዝ»። አንድ ያልተመዘገበ ሰው ቢያፈጥር ኪሳራው ትንሽ ነው፤ የተመዘገበውን መመለስ ግን ከባድ ነው። በሌላ ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ ገንዘብ በሚከፈልበት፣ ውሳኔው ሊገለበጥ ይችላል። አስቀድሞ መወሰን ያለበት ሰው ነው፤ ለካች መተው የለበትም።

፫. የመታወቂያ ቁጥርና የስም ፈተና

ዶክመንቱ እያለ የማናገኝበት ሌላ ምክንያት የተሳሳተ አድራሻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሁለት የተለመዱ መንስኤዎች አሉ።

አንደኛው እዝባር (/) ነው። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመታወቂያ ቁጥር በመሃሉ እዝባር አለበት። በፋየርስቶር ግን እዝባር የአድራሻ መለያ ስለሆነ በዶክመንት መለያ ውስጥ መግባት አይችልም። ቁጥሩ ሁለት እዝባር ካለው፣ ለምሳሌ «ዩጂአር/1234/12» ቢሆን፣ ጃቫስክሪፕቱ «ዩጂአር በሚባል ዶክመንት ሥር፣ 1234 በሚባል ሰብኮሌክሽን ውስጥ፣ 12 የሚባለው ዶክመንት» ብሎ ይረዳዋል። ስህተት አያሳይም፤ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ «የለም» ብሎ ይመለሳል። አንድ እዝባር ብቻ ካለው ደግሞ አድራሻው ስለሚጎድል ስህተት ይሰጣል። መፍትሔው ሲመዘገብም ሲነበብም እዝባሩን በሰረዝ (-) መተካት ነው። በዚያው ላይ ክፍተቶችን አስወግዱ፣ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ ትልቁ ቀይሩ። ይህን የሚሠራ አንድ ፈንክሽን ጻፉና በሁለቱም ቦታ እሱኑ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ስም ነው። «ዌር» በሚባለው ጥያቄ «ስሙ ሙሐመድ የሆነ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ፊደል በፊደል «ሙሐመድ» ተብሎ የተጻፈው ብቻ ነው። «ሙሀመድ»፣ «መሐመድ»፣ «ሞሐመድ» ተብለው የተመዘገቡት አይመጡም። ዙበይዳና ዘቢዳ፣ ዐብዱራሕማንና አብዱረህማንም እንዲሁ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሰውን በስም ፈልጎ ባዶ ዝርዝር ማግኘት አለመመዝገቡን አያረጋግጥም። መለያ ይሁን የመታወቂያ ቁጥር፤ ስም ለማሳያ ብቻ ይሁን።

፬. ፊልዱ ይጎድላል፣ ዓይነቱም ይለያያል

ዶክመንቱ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ ያለው አደጋ በውስጡ ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ተማሪዎች ሲመዘገቡ ፎርሙ ላይ የስልክ ቦታ አልነበረም፤ በኋላ ጨመራችሁት። አሁን 40 ዶክመንቶች ስልክ የላቸውም። በፍላተር ከስናፕሾቱ ላይ በቀጥታ ፊልዱን በስሙ ብትጠሩና ባይኖር ኮዱ ስህተት ይወረውራል። መጀመሪያ በዳታ ማፑን አውጥታችሁ ከማፑ ላይ ብትጠይቁ ግን ነል ይሰጣችኋል። ነል ሲሆን ምን እንደሚደረግ መወሰን ደግሞ የእናንተ ነው።

ባዶውን በምን እንደምትተኩትም አስቡ። ስልክ ከሌለ «ስልክ አልሞላም» ብሎ ማሳየት ጉዳት የለውም። የሰደቃ ሣጥን ቀሪ ሒሳብ ፊልድ ከጎደለ ግን «0 ብር» ብሎ ማሳየት ሐሰት ነው። ዜሮ እውነተኛ መረጃ ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ነው ማለት ነው። ያላወቃችሁትን ገንዘብ ዜሮ አትበሉት።

ቁጥር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፋየርስቶር ሙሉ ቁጥርን (ኢንት) እና ነጥብ ያለውን (ደብል) ለይቶ ያስቀምጣል። አንድ ሰው 150 ብር ሲያወጣ ኢንት ሆኖ ይገባል፤ ሌላው 150.50 ሲያወጣ ደብል ይሆናል። በዳርት «ይህ ደብል ነው» ብላችሁ ካነበባችሁት 150.50 ላይ ይሠራል፣ 150 ላይ ይወድቃል። ፈተና ላይ ሁልጊዜ 150.50 ስለጻፋችሁ አላያችሁትም ይሆናል። «ነም» ብላችሁ ተቀበሉና ወደ ደብል ቀይሩት። ከዚህም የተሻለው ብሩን በሳንቲም አድርጎ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ነው፤ 150.50 ብር 15050 ሳንቲም ይሆናል።

ዝርዝር ስታነቡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ «ኦርደር ባይ» ብላችሁ በአንድ ፊልድ ከደረደራችሁ፣ ያ ፊልድ የሌላቸው ዶክመንቶች ከዝርዝሩ ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ አይቀመጡም፤ ጭራሽ አይመጡም። «በምዝገባ ሰዓት ደርድር» ያላችሁት ዝርዝር 300 ሰው ይዞ 260 ቢያሳይ የቀሩት 40ዎቹ የምዝገባ ሰዓት ያልተያዘላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ በየገጹ ከመድገም ለእያንዳንዱ ኮሌክሽን አንድ የማጣሪያ ፈንክሽን ጻፉ። ጥሬውን ዳታ ይቀበል፣ እያንዳንዱን ፊልድ ይፈትሽ፣ የተጣራ ነገር ወይም ግልጽ ስህተት ይመልስ። ሌላው ኮድ ሁሉ የተጣራውን ብቻ ይጠቀም።

፭. ሰዓትና ቀን

ሰዓትን በጽሑፍ አታስቀምጡ። «12:40» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የመግሪብ ሰዓት ነው ይላል። ስልኩ ግን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሮ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ያደርገዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ስትሆን የፈረንጅ ቀን የሚጠብቅ ኮድ 13ኛ ወር የለውም።

ፋየርስቶር ለዚህ «ታይምስታምፕ» የሚባል የራሱ ዓይነት አለው። አንድን ቅጽበት የትም ቦታ ሆነው ቢያነቡት አንድ አድርጎ ይይዛል። ስታነቡት ወደ ቀን ቀይሩት፤ ስልኩ ባለበት አገር ሰዓት ይሰጣችኋል። በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት 6 ሰዓት ቀንሱ፤ 18:40 የነበረው ምሽት 12:40 ይሆናል። የቀን መቁጠሪያ ቅየራንም ማሳየት ላይ ብቻ አድርጉት፣ ማስቀመጥ ላይ አይሁን።

አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ። ሰዓቱን ሰርቨሩ ራሱ እንዲሞላው ካዘዛችሁ፣ መረጃው ሰርቨር ደርሶ እስኪረጋገጥ ድረስ ያስገባው ስልክ ላይ ሲነበብ ነል ይሆናል። አሁን የተመዘገበ ተማሪ ስክሪኑ ላይ አፑ ቢወድቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነል ሲሆን «በመላክ ላይ» ብላችሁ አሳዩ።

፮. ኔትወርክ ሲጠፋ የሚመጣው ባዶ ዝርዝር

በአንድሮይድና በአይኦኤስ ላይ ፋየርስቶር ያነበባችሁትን መረጃ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ «ካሽ» ይባላል። በድረ ገጽ ላይ ግን እናንተ ካላበራችሁት ከገጹ መዘጋት በኋላ የሚቆይ ካሽ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ከካሹ ማንበብ ጥሩ ነገር ነው፤ ሁለት ነገሮችን ግን ማወቅ ይገባል።

አንዱን ዶክመንት በጌት ስትጠይቁ ኔትወርክ ከሌለና ካሹ ውስጥም ከሌለ ስህተት ይመጣል። ይህ ጥሩ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ነው። ዝርዝር ስትጠይቁ ግን ስህተት ላይመጣ ይችላል። ካሹ ውስጥ ያለውን ብቻ፣ ምንም ከሌለም ባዶ ዝርዝር ይሰጣችኋል። «የተመዘገበ የለም» ብላችሁ ልትደመድሙ ነው። አንዱን ዶክመንት በማዳመጫ ስትከታተሉም እንዲሁ፣ ኔትወርክ ሳይኖር ኤግዚስትስ «ፎልስ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ይህን የሚለይላችሁ ስናፕሾቱ ላይ ያለው ሜታዳታ ነው። ውስጡ «ከካሽ ነው» የሚል ምልክት አለ። እውነት ከሆነ መልሱ ያረጀ ወይም ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል ስክሪኑ ላይ «ያለ ኔትወርክ የተነበበ» ብላችሁ ጻፉ። ውሳኔው ትኩስ መረጃ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ከሰርቨር ብቻ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ኔትወርክ ከሌለ ባዶ ዝርዝር ሳይሆን ስህተት ይመጣል። ለበር ሥራ ግን የሚሻለው ከዐስር በኋላ ኔትወርክ እያለ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ማንበብና በካሽ መያዝ ነው።

፯. ማን ያንብብ? የአማናው ጉዳይ

እስካሁን የተነጋገርነው የሚገባው ሰው በትክክል እንዲያነብ ነው። የማይገባው ሰው እንዳያነብስ?

ጀመዓዎቻችን የሚይዙት መረጃ ቀላል አይደለም። የእህቶች ስልክ ቁጥር አለ። ችግረኛ ተማሪዎችን ለመርዳት የተሰበሰበ ዝርዝር አለ። በሱረቱል በቀራ 271ኛ አንቀጽ ሰደቃን ለድሆች በድብቅ መስጠት የበለጠ መሆኑ ተነግሮናል። ተቀባዩን ለመሸፈን የሰጪው እጅ ተደብቆ ሲያበቃ፣ የተቀባዮቹን ስም አንድ ክፍት ዳታቤዝ ለመላው ግቢ ቢያሳይ ምን ይባላል?

ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጀምሩት «ቴስት ሞድ» በሚባለው ነው። በዚህ ሁኔታ ለ30 ቀን ማንም ሰው ሁሉንም ማንበብና መጻፍ ይችላል። ቀኑ ሲያልቅ አፑ መሥራት ያቆማል፤ ተማሪው ደግሞ ቸኩሎ ቀኑን ያራዝመዋል ወይም «ለሁሉም ፍቀድ» ይላል። ይህን አታድርጉ። አፑ ላይ ቁልፉ የሚታየው ለራሱ ሰው ብቻ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ሕግ ካልጻፋችሁ አዋቂ ሰው ያለ አፓችሁ በቀጥታ ዳታቤዙን ሊጠይቅ ይችላል። በሱረቱ ኑር 27ኛ አንቀጽ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል። «ሴኪዩሪቲ ሩልስ» የሚባሉት በሩ ላይ ቆመው ፈቃድ የሚጠይቁት ሕጎች ናቸው።

ስለ ሕጎቹ አምስት ነገሮች ያዙ።

አንደኛ፣ የማንበብ ፈቃድ ሁለት ክፍል አለው፦ «ጌት» አንድን ዶክመንት፣ «ሊስት» ዝርዝርን ለማንበብ። ተማሪ የራሱን ፋይል እንዲያይ ጌት ይበቃዋል። ሊስት የሚያስፈልገው ለተመደቡ ኃላፊዎች ነው።

ሁለተኛ፣ ሕግ ወንፊት አይደለም። «የራሱን ብቻ ያንብብ» የሚል ሕግ ጽፋችሁ አፑ «ሁሉንም ስጠኝ» ካለ፣ ፋየርስቶር የራሱን መርጦ አይሰጥም፤ ጥያቄውን በሙሉ ይከለክላል። ጥያቄው ራሱ «ባለቤቱ እኔ የሆንኩትን» ብሎ መምጣት አለበት።

ሦስተኛ፣ ከስልክና ከድረ ገጽ የሚነበብ ዶክመንት ሙሉ በሙሉ ነው የሚመጣው። «ስሙን ያንብብ፣ ስልኩን አያንብብ» ማለት አይቻልም። አፑ ባያሳየውም ስልኩ ላይ ደርሷል። ስለዚህ ስም በአንድ ዶክመንት፣ ስልክና የድጋፍ ሁኔታ በሌላ ዶክመንት ወይም በሰብኮሌክሽን ይቀመጡ፤ ለየብቻም ሕግ ይኑራቸው። ዋናውን ዶክመንት ስታጠፉ በሥሩ ያለው ሰብኮሌክሽን አብሮ እንደማይጠፋም እወቁ። ተማሪው ሲመረቅ ምስጢሩ ተረስቶ እንዳይቀር እሱንም ለይታችሁ አጥፉ።

አራተኛ፣ አንዱ ሕግ ከፈቀደ ሌላው ሊከለክል አይችልም። ከላይ «ለሁሉም ፍቀድ» የሚል መስመር ካለ ከታች የጻፋችሁት ጥብቅ ሕግ ዋጋ የለውም።

አምስተኛ፣ ሕጋችሁ በዶክመንቱ ውስጥ ያለን ፊልድ የሚፈትሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ባለቤት» የሚለውን፣ ዶክመንቱ በሌለ ጊዜ የሚፈተሽ ስለማይኖር መልሱ «ፈቃድ ተከልክሏል» ይሆናል እንጂ «የለም» አይሆንም። ስለዚህ ያልተመዘገበ ተማሪ የራሱን ቁጥር ሲያስገባ የክልከላ መልስ ቢመጣ አትደንግጡ። «በዚህ ቁጥር የአንተን ምዝገባ ማግኘት አልቻልንም፤ ኃላፊዎቹን አነጋግር» ብላችሁ መልሱለት። የበሩ አስተናጋጅ ፈቃድ ግን በሚያነበው ዶክመንት ሳይሆን በተመደበበት ኃላፊነት ላይ ስለሚመሠረት ትክክለኛውን «የለም» ያገኛል።

ስለ ቁልፎችም አንድ ቃል። አፑ ውስጥ ያለው የፋየርቤዝ ኤፒአይ ቁልፍ ፕሮጀክቱን የሚያስተዋውቅ እንጂ ምስጢር አይደለም። «ሰርቪስ አካውንት» የሚባለው ፋይል ግን ሕጎቹን ሁሉ አልፎ የሚገባ ዋና ቁልፍ ነው። እሱን አፕ ውስጥ አታስገቡ፣ ጊትሃብ ላይ አትጫኑ፣ በቴሌግራም አትላላኩ። አንድ ጊዜ ከወጣ ከኮዱ ላይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቁልፉን ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።

፰. ስንት ጊዜ ታነባላችሁ?

በነጻው ዕቅድ ፋየርስቶር በቀን 50,000 የዶክመንት ንባብ ይፈቅዳል። ብዙ ይመስላል። እስቲ እናስላ። 300 ተማሪ ተመዝግቧል እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ አፑን ሲከፍት ሙሉውን ዝርዝር አንብቦ የራሱን ስም የሚፈልግ ከሆነ፣ 300 ሲባዛ በ300፣ 90,000 ንባብ ነው። ኮታው ኢፍጣር ሳይደርስ ያልቃል። እያንዳንዱ የራሱን ዶክመንት ብቻ ቢያነብ ግን 300 ንባብ ብቻ ነው። የሰዎችን ምስጢር የሚጠብቀው አሠራር ኮታውንም ይጠብቃል።

ኮታው የሚታደሰው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ማለት ነው። ምሽት ላይ ካለቀባችሁ እስከ ነገ ጠዋት ጥያቄዎቻችሁ ስህተት ይመልሳሉ። ይህም ሦስተኛው መልስ ነው፤ «አላወቅሁም»።

ዝርዝር ስታነቡ «ሊሚት» አድርጉ፤ 20 ወይም 30 እያላችሁ በገጽ አምጡ። ቁጥሩን ብቻ ከፈለጋችሁ ሁሉንም አንብቦ ከመቁጠር «ካውንት» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ፤ እስከ 1,000 ለሚደርስ ቆጠራ እንደ አንድ ንባብ ይታሰባል። ለውጥን የሚከታተል ማዳመጫ ከከፈታችሁ ደግሞ ገጹ ሲዘጋ ዝጉት። ያልተዘጋ ማዳመጫ ውኃው እንደሚፈስ ቧንቧ ነው።

፱. ከመልቀቃችሁ በፊት

ፋየርቤዝ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ኢሙሌተር አለው። አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኮታም አይበላም። እዚያ ላይ እነዚህን ሞክሩ፦

- የሌለ የመታወቂያ ቁጥር አስገቡ። «አልተመዘገበም» አለ?
- ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ የተመዘገበ ቁጥር አስገቡ። «ማረጋገጥ አልተቻለም» አለ ወይስ «አልተመዘገበም»?
- አንድ ፊልድ ያጠፋችሁበት ዶክመንት አንብቡ። አፑ ወደቀ?
- ገንዘቡን አንዴ በሙሉ ቁጥር፣ አንዴ በነጥብ አስገቡ።
- በእዝባር፣ በሰረዝና በክፍተት የተጻፈ መታወቂያ ሞክሩ።
- በአንድ ተማሪ ስም ገብታችሁ የሌላውን ፋይል ጠይቁ። መከልከል አለበት።
- ሳትገቡ ዝርዝሩን ጠይቁ። ይህም መከልከል አለበት።

ሰባቱን ካለፈ ለአንድ ሌላ ሰው አሳዩትና እንዲሰብረው ጋብዙት። ሰው በራሱ ኮድ ላይ ዓይኑ ይታወራል።

ውድ እህት ወንድሞች፣ አማና ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ገንዘብ ነው። የሰው ስም፣ ስልክና ችግርም አማና ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር መሆኑን እናውቃለን። የሚጻፈው በኋላ በትክክል እንዲነበብና የማንም ሐቅ እንዳይጠፋ ነው። እኛም ኮድ ስንጽፍ ያላወቅነውን «የለም» አንበል፤ ያልተፈቀደልንን አንክፈት። አፑ አሁን ተስተካክሏል። በሚቀጥለው ረመዷን በር ላይ የሚቆም ወንድም ወይም እህት «እስቲ ላረጋግጥ፣ እስከዚያው ግቡ» እንዲሉ ኢንሻአላህ ተዘጋጅተናል። ኮዱን ማየት ወይም ማሻሻል የምትፈልጉ የጀመዓውን የቴክኖሎጂ ዘርፍ አነጋግሩ፤ ከዒሻ በኋላ አብረን እንቀመጣለን።

አላህ የምንሠራውን ጠቃሚ፣ አማናችንን የተጠበቀ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።